ዳፍንት ቤታችን የገባበት በጋ

ባለፈው ዓመት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ኮሶዬን እንዳለፍን ራሳቸውን አመማቸው። ከቦርሳቸው ትንሽ ቆርቆሮ አወጡና ግንባራቸውንና ጆሮ ግንዳቸውን በቅባት ያሹ ጀመር። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ዓይን የሚያስለቅስ የቅባት ሽታ መኪናውን ሞላው።

«ሽታው ረበሸሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ ፊቴን አይተው።

«ኧረ ምንም አይደል እማማ» አልኳቸው።

ዳባት ስንደርስ ግን ሐሳቤ ሚኒባሱ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛ ክፍል ወደነበርኩበት በጋ ተመልሼ ነበር። በዚያ በጋ ቤታችን ውስጥ የአባቴን መልክ የያዘ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንደማስወጣው ሌት ተቀን አስብ ነበር።

አባቴ ፈንታሁን አስጎብኚ ነበር። እንግዶች ይዞ ሳንቃበርና ጊች ይወጣል፣ ሰንብቶ ይመለሳል። ሲመለስ ልብሱ ጦስኝና የበቅሎ ላብ ይሸታል። ገና ከበር ሳይገባ መንገድ ላይ ያየውን እያወራ ነው የሚመጣው፤ እማዬ የሺ «እስቲ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ» ትለዋለች፣ እሱ አንዱን ጫማ አውልቆ በሌላው ወሬውን ይጨርሳል። ፀጉሬ ተበጥሮ አልተኛ ስለሚል «ጭላዳዬ» ነበር የሚለኝ፤ ገደሉ ላይ እንደሚውሉት ፀጉራም ዝንጀሮዎች። ሌላ ሰው ቢለኝ እነክሰው ነበር።

ልጃቸውን ይዘው የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ ሁለት የሥዕል መጻሕፍት ሰጡት፤ ኮሚክ የሚሉትን ዓይነት። ዝናብ መትቷቸው ገጾቹ እንደ ቋንጣ ተኮማትረው ነበር። ውስጣቸው ቢጫ ካባ የለበሰ ሰው አለ። ይበራል። መዳፎቹን ሲዘረጋ ብርሃን ይወጣዋል፤ በዚያ ብርሃን የሰመጠ መርከብ ያወጣል፣ የሚነድ ቤት ውስጥ የቀሩ ሕፃናትን መንገድ ያሳያል። ጽሑፉ ፈረንጅኛ ነው። አባቴ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኝና ጣቱን ከመስመሩ ስር እያስኬደ ያነብልኛል። አንዳንዴ ቆም ይልና «ቆይ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚለው… አዎ!» ይላል።

ጀግናው ጎህ ይባላል አለኝ። ጎህ መብረር የጀመረው ልጅ ሆኖ ሩጫ ስለሚወድ ነው። ጎህ ሽሮ አይወድም፣ ግን እናቱ እንዳይከፋት ይበላል። ይሄ ሁሉ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ያስፈራ ነበር። ሰማዩ እንደ አሮጌ ማድጋ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ አመድማ ካባ የለበሰ ሰው ይወርዳል። ፊቱ ቁርጥ ጎህን ነው። ሕዝቡ ጎህ መስሎት እልል እያለ ይቀበለዋል። ሰውየው መዳፉን ሲዘረጋ ግን መብራት ሁሉ ይጠፋል። ድልድይ ይሰብራል። ሰዎችን ያንበረክካል።

«አባዬ፣ ጎህ ከፋ እንዴ?» አልኩት።

«አይ፣ ይሄ ጎህ አይደለም። ከዚህ ዓለም ጀርባ ሌላ ዓለም አለ። እዚያም ደባርቅ አለች፣ እኔም አለሁ፣ አንቺም አለሽ፤ ግን ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ይሄ የዚያኛው ዓለም ጎህ ነው። ስሙ ዳፍንት ይባላል። እውነተኛውን ጎህ ስንጥቁ ውስጥ አስሮት ነው የመጣው።»

«እዚያ ያለሁት እኔ ክፉ ነኝ?»

«አንቺማ እዚያም እዚህም ያው ጭላዳ ነሽ።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ስንጥቁ ዳር ቆማ አፏን ከፍታለች። አባቴ እንዳነበበልኝ የጎህን ስም እየጠራች ነው። ጎህም ድምፅዋን ተከትሎ ይወጣል።

ኅዳር ላይ አባቴ ሊማሊሞ ላይ ወደቀ። የእንግዶች ዕቃ የጫነች በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ አዳልጧት ነበር፤ ገመዷን ይዞ ሊያስቀራት ሲታገል አብሮ ሄደ። በቅሎዋ ታች ወረደች፤ እሱን አንድ የአስታ ዛፍ ጉብ ያለች ድንጋይ ላይ ያዘው። ነፍሱን ስቶ በቃሬዛ አወጡት፤ ከዚያ ጎንደር ወሰዱት። እማዬ አብራው ሄደች።

እኔን ለመጠበቅ ከመካነ ብርሃን የአባቴ አክስት እማሆይ ትብለጥ መጡ። አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ቃላቸውን እየጎተቱ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳያሳጥሩ ነው የሚያወሩት። ማለዳ ማለዳ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ እቀሰቀሳለሁ፤ ውስጡ የአባቴን ስም ሲጠሩ ስለምሰማ ስሙ ጸሎቱ ላይ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

የገና በዓል ሲቃረብ አባቴ መጣ። መኪና ቆሞ በሩ ሲከፈት ሮጥኩ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር መነጽር ነው። ከዚያ ጥቁር ባርኔጣ። ከዚያ አይቼው የማላውቀው፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ አመድማ ካፖርት፤ ጎንደር ብርድ እንዳይመታው ሰው የሰጠው ነው። ተንደርድሬ ወገቡ ላይ ስጠመጠም ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

«ቀስ! ራሴን!» ብሎ ገፋኝ።

ከዚያ መነጽሩን ወደ እኔ አዞረና «ማስተዋል» አለኝ። መምህራችን ስም ሲጠሩ እንደሚሉኝ።

ያን ሽታ የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። ጦስኝ የለ፣ በቅሎ የለ፤ ከላይ እስከ ታች የቅባት ሽታ ብቻ።

ቤታችን ተለወጠ። መጋረጃው ቀን ሙሉ ዝግ ሆነ፤ እሱ ብርሃን አይወድም። ሬዲዮ ሲከፈት ፊቱ ይጨማደዳል። ሳህን ከሳህን ሲጋጭ «ዝም በሉ!» ይላል። ጓደኛዬ ሰላም ግቢያችን ገብታ ገመድ ስንዘል ወጥቶ ገመዱን ከእጃችን ነጠቀና ጣሪያ ላይ ወረወረው። እማዬን ደግሞ ተቆጥቶ አይቼው በማላውቀው በአባቴ አፍ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ስድብ ሰደባት። እማዬ ዝም አለች። እኔን ያስፈራኝ ስድቡ ሳይሆን የእሷ ዝም ማለት ነው፤ ቤት የመጣ እንግዳ ሲሳደብ ዝም እንደሚባለው ነበር ዝምታዋ።

አንድ ቀን እማዬ ወጥ ጥዳ ወደ ገበያ ወጣች። እሱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭሱ ከበር ይወጣል፤ ወጡ ከስሏል፣ ድስቱ ቀልቷል። እሱ ጭሱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። «ወጡ አረረ!» ብዬ ስጮህ ዓይኑን ገለጠ፣ ድስቱን አየ፣ በባዶ እጁ ሊያነሳ ሄዶ ተቃጠለ። አፍንጫው ማሽተት እንዳቆመ ማን ይነግረኛል? ለልጅ «አባትሽ ደክሞታል» ነው የሚባለው። የሚበላው ላይ ሁሉ ጨው ይደፋል፣ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል፤ ከዚያም «ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ ይተወዋል። የሰው ምግብ የማይጥመው ሰው ከየት ይመጣል?

ሬዲዮኑ የተሰበረው በጥምቀት ሰሞን ነው። እማዬ ድምፁን ዝቅ አድርጋ መዝሙር ትሰማ ነበር። እሱ ተነሳና ሬዲዮኑን ግድግዳ ላይ መታው። እማዬ ወደ ደጅ ወጣች፤ እኔም ተከትያት ወጣሁና በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዳፍንትም ድልድዩን ሰብሮ ሲስቅ እንዲሁ ነው የተሳለው። እየሳቀ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት እማሆይ ትብለጥ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለእማዬ ሲናገሩ ሰማሁ።

«እኔማ ምን ልበልሽ የሺ። ልጄን የበላው ያ ገደል ነው። ልጄ እዚያው ቀርቷል፤ ለእኛ የመለሰልን ጥላውን ነው።»

እማዬ አልተቃወመቻቸውም። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። መነኩሲት አይዋሹም። እኔም የጠረጠርኩት እውነት ሆነ።

ለሰላም ብቻ ነገርኳት። ሰላም ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ትበልጣለች፣ ነገር ማጣራት ትወዳለች። «እርግጠኛ ሳትሆኚ ሰው አይከሰስም። አባትሽ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቂው» አለችኝ።

መጽሐፉን ይዤ ገባሁ። በሩ አጠገብ ቆሜ፣ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ፣ «አንብብልኝ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። መጽሐፉን ተቀብሎ ገለጠው። ገጹን ብዙ ጊዜ አየው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ጣቱን መስመሩ ስር አስቀመጠ። ጣቱ አልሄደም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የምታነብልኝ ነዋ። የጎህ ታሪክ።»

«እኔ ይሄን ቋንቋ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «እንግሊዝኛ አይደለም፤ አንድ ቃሉንም አላውቅም። አውቄውም አላውቅም።»

መጽሐፉን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። እውነተኛው አባቴ ቋንቋውን ያውቃል! ከዳር እስከ ዳር አንብቦልኛል። ያን ታሪክ ሁሉ ሥዕሉን እያየ፣ እኔን ሊያስቅ ከራሱ ፈጥሮ ሲነግረኝ እንደነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ አባቴ ስንጥቁ ውስጥ ታስሮ እንዳለ፣ የሚጠራውም ሰው እንዳጣ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ከቤት ወጣሁና በትምህርት ቤቱ አልፌ የሊማሊሞን መንገድ ያዝኩ። ገብሱ ታጭዷል፤ መሬቱ ላይ የቀረው ቃርሚያ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከጫማዬ ስር ይንኮሻኮሻል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ቦይ ውስጥ እቀመጣለሁ። አባቴ የወደቀበትን ቦታ አውቀው ነበር፤ ሰዎች ሲያወሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ አስፋልቱን ትቶ በአስታው መሐል የሚያልፈው የበቅሎ መንገድ የሚያልቅበት ነው።

ገደሉ እውነትም ስንጥቅ ነበር። መሬቱ እያለ እያለ ድንገት የለም። ታች ያሉት ተራሮች እንደተጣለ ልብስ ተከምረዋል። ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ሣር እየነጩ ነበር፤ አይተውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ። ጫፉ ላይ ወጣሁና ተቀመጥኩ፣ እግሬንም ወደ ታች አንጠለጠልኩ።

«አባዬ!» አልኩ።

ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ደግሜ ጠራሁ። ጉሮሮዬ እስኪነድ ጠራሁ። ቃሬዛ ላይ ሳይሆን በእግሩ፣ ልብሱን እያራገፈ፣ ወሬውን እያወራ እንዲወጣ ጠበቅሁ። ማንም አልወጣም። ፀሐይዋ ከፍ አለች።

«ማስተዋል። አትነቃነቂ።»

ዘወር ስል እሱ ነው። ሰላም ወንበሬን ባዶ ስታይ ጨንቋት ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን ሮጣ፣ ወደ ገደሉ ሳልሄድ እንዳልቀረሁ ነግራዋለች፤ እማዬም እማሆይም አልነበሩም፤ ቤት ያገኘችው እሱን ብቻ ነው። ባርኔጣውንም መነጽሩንም ረስቶ መጥቷል። ፀሐዩ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እንባው በጉንጮቹ ይወርዳል። ከወደቀ ወዲህ ዓለም ትዞርበት እንደነበር፣ መንገድ ላይ እያስመለሰው አጥር አጥር ይዞ እንደመጣ አላውቅም ነበር። የማውቀው ገደል አፋፍ ላይ እንዳለሁ፣ ዳፍንትም ከኋላዬ እንደቆመ ነው።

«አትምጣ! ትገፋኛለህ!»

«አልገፋሽም።»

«አንተ ዳፍንት ነህ!»

ቆመ። «ዳፍንት ማነው?»

እያለቀስኩ ነገርኩት። ሰማዩ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ አመድማውን ካባ፣ መብራቱን እንዴት እንደሚያጠፋው፤ እውነተኛው ስንጥቁ ውስጥ ታስሮ ይሄኛው በመልኩ እንደሚኖር። በመሐል አላቋረጠኝም። ነግሬው ስጨርስ ካፖርቱን አወለቀና መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ በሆዱ ተኛ። በክርኑ እየተሳበ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሣሩን እየዳበሰ ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ የቀሚሴን ጫፍ አገኘና በጡጫው ጨበጠው።

«አባትሽ እዚህ ውስጥ ነው ያለው?» አለኝ። ዓይኑን አልገለጠም።

«አዎ።»

«ጠራሽው?»

«ጠራሁት። አይሰማም።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። «ብቻሽን ሆነሽ ነው። እኔም ስፈልገው ነው የከረምኩት። እስቲ አብረን እንጥራው።»

አገጩን ከሣሩ ቀና አደረገና የሸለቆ ማዶ ሰው እንደሚጣራው ጮኸ።

«ኧረ ፈንታሁን ሆይ! ፈንታሁን!»

ጭላዳዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው ቀና አሉ። እኔም «አባዬ!» አልኩ። እሱ ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፤ የስሙን ጫፍ ሳይጨርሰው ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ትከሻው እንደዚያን ቀን ተንቀጠቀጠ። አሁን ግን ቅርብ ነበርኩ፤ ፊቱን አየሁት። ሳቅ አልነበረም።

ቀሚሴን የጨበጠውን እጁን አየሁ። ወጡን ሊያነሳ የተቃጠለበት ቦታ ገና አልዳነም። ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጠዋል። ፈርቷል። መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውቀዋለሁ፤ ዳፍንት አንድም ገጽ ላይ አይፈራም። የሚፈራለት ሰው የለውም።

«ካልመጣስ?» አልኩት።

«አላውቅም ማስተዋል» አለ። «እስኪመጣ ግን ከእኔ ጋር ቆዪ። ቁርስም አልበላሽም።»

እግሬን ሰብስቤ በሆዴ ተኛሁ። እንደሱው እየተሳብን፣ ቀሚሴን ሳይለቅ፣ ከጫፉ ራቅን። መቆም ሲያቅተው እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። ከባድ ነበር። ካፖርቱን እኔ ያዝኩት፤ መሬት ለመሬት እየጎተትኩት አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እማዬ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጉሯ ተበትኖ ስትሮጥ አገኘችን። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ሁለታችንንም አንድ ላይ ነው ያቀፈችው፤ መንገድ ዳር፣ መኪና እያለፈ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከጎኗ አስቀምጣ ነገረችኝ። አባቴ የቆሰለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ እጅ ሲቆረጥ ደሙ ይታያል፣ ይሄኛው አይታይም፤ ድምፅና ብርሃን ቁስሉን ይነካኩታል፤ የሚቆጣውም የማይሸተውም ለዚያ ነው። ሐኪሞቹ ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል፤ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን አያውቁም። እማሆይ ትብለጥ ማዕዘን ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ገደሉ ልጄን በላው ያሉትን ሰምቼ እንደሄድኩ ሲያውቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ከዚያ ተነሥተው ራሴን ሳሙ። «እኔ አሮጊቷ በኀዘኔ የተናገርኩትን የኔ ልጅ እንደ ወንጌል ወሰደችው። ልጄ አለ። እነሆ፣ ተኝቷል። ሂጂና እዪው» አሉኝ።

ሄጄ አየሁት። ተኝቶ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ የገደሉ ሣር ተጣብቆበታል።

የድሮው አባቴ ተመልሶ መጣ ብል ውሸት ነው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ይዞ አልወጣም፤ ገደል ቀርቶ ደረጃ ያዞረው ነበር። ቀስ በቀስ መጋረጃው ተገለጠ፣ ቁጣውም እየተራራቀ መጣ እንጂ ጨርሶ አልሄደም። የተመለሰውም የቀረውም እሱ ነው። ይሄን ግን ያኔ በቃል ልናገረው አልችልም ነበር።

ከገደሉ በተመለስን ማግሥት ጠዋት ለትምህርት ቤት ስቸኩል በሩን በኃይል ዘጋሁት። የቆርቆሮው ድምፅ ቤቱን አናወጠው።

«ማነው እሱ! በሩን ቀስ! ስንቴ ነው የሚነገርሽ!» ብሎ ከውስጥ ጮኸብኝ።

ደጅ ላይ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። እማዬ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አገኘችኝና ጀሪካኑን አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ ተቆጣኝ» አልኳት።

እማዬ ፊቴን በእርጥብ እጇ ጠረገችና «ይቆጣል» አለች፤ «አባት አይደል?»